የመለካት ምዕራፉ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? (ጎንደር፣ የተመላላሽ ታካሚዎች ቆይታ)

የማራኪዋ
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2:20

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም በጥራት ማሻሻያ ሥራ ላይ ነኝ። የተቋሙን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። አምስት ሆነን ሲክስ ሲግማ በሚባለው የጥራት ማሻሻያ መንገድ አንድ ፕሮጀክት ይዘናል። ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ መለካት፣ መተንተን፣ ማሻሻል፣ መቆጣጠር ከሚባሉት አምስት ምዕራፎች ሁለተኛው ላይ ደርሰናል።

የያዝነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ተመላላሽ ታካሚ ካርድ ካወጣበት ሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ምን ያህል ይቆያል? ግባችን ሦስት ሰዓት ነው።

ጥርን ሙሉ ለካን። በየአሥረኛው ካርድ ላይ አንዲት ቁራጭ ቅጽ በስፒል ትያያዛለች። ካርድ ክፍል የገባበትን ሰዓት ይጽፍባታል፤ መድኃኒት ቤት ደግሞ የወጣበትን ጽፎ ያስቀራታል። በዚህ መንገድ 412 ቅጽ ሰበሰብን። ስናሰላ 37ቱ ከዜሮ በታች መጡ፤ ታካሚው ከመግባቱ በፊት ወጥቷል እንደማለት ነው። የአጻጻፍ ስሕተት ነው ብለን አወጣናቸው። የቀሩት 375 አማካይ ቆይታቸው 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ።

ኃላፊያችን ቁጥሩ ከተገኘ ወደ ትንተና እለፉ ብለውናል። ለካርድ ክፍል ሁለት ተጨማሪ ኮምፒውተር እንዲገዛ የሚጠይቅ ደብዳቤም ተረቅቋል። የእኔ ልብ ግን አልረጋም። ያ 4 ሰዓት ከ20 በዓይኔ ከማየው ጋር አልገጥም አለኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ አየዋለሁ። ይህን ምዕራፍ ያለፋችሁ ሰዎች፣ መለካት አለቀ የምትሉት በእጃችሁ ምን ምን ሲኖር ነው?

ከአዘዞ
የካቲት 4፣ ከምሽቱ 3:45

እህቴ፣ ልብሽ አለመርጋቱ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ በፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሥራው ቢለያይም መንገዱ አንድ ነው።

ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞቶሮላ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ውስጥ ሲጀመር ከሚሊዮን ዕድል 3.4 ግድፈት የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው አፍ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መለካት ጨረስኩ የሚለው የሲግማ ደረጃውን፣ ማለትም የግድፈቱን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሲያሰላ ነው። ስሌቱ ግን የመጨረሻው እና የቀለለው ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የሰጡትን ሁሉ ያሰላል፤ ቁጥሩ እውነት ይሁን ሐሰት አይጠይቅም።

እኔ ምዕራፉ አለቀ የምለው የሥራው ሂደት ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት ላይ ተስሎ፣ የምንለካው ነገር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሁሉም በአንድ ቃል ሲናገረው፣ ቁጥሩን የጻፈው እጅ እና የተጻፈበት መሣሪያ ተፈትሸው ሲታመኑ፣ ከዚያም የዛሬው አቅማችን ይህ ነው ብለን ከነመዋዠቁ ማሳየት ስንችል ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው። መሣሪያውን የሚፈትሽ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያወጣችኋቸውን 37 ቅጾች ጣላችኋቸው ወይስ አሉ? ካሉ አንዱን አንሥተሽ ልክ እንደተጻፈው እዚህ ገልብጪልን።

የማራኪዋ
የካቲት 5፣ ከጧቱ 1:10

አሉ፤ በፖስታ አሽጌ አስቀምጫቸዋለሁ። ከላይ ያገኘሁት ይኸው፦ ገባ 8:40፣ ወጣ 5:10። ቀጣዩ፦ ገባ 9:05፣ ወጣ 4:50። ሦስተኛው፦ ገባ 8:55፣ ወጣ 8:20።

የላብራቶሪው ሰው
የካቲት 5፣ ከጧቱ 1:40

ይህንን በሽታ አውቀዋለሁ። በላብራቶሪ መሣሪያዎቻችን ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ!

8:40 የተባለው በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2:40 ማለት ነው። 5:10 ደግሞ በግድግዳው ሰዓት፣ በእኛው አቆጣጠር ነው። ሰውየው 2:40 ገብቶ 5:10 ወጥቷል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቷል። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ሰዓት ብትጨምሪ እውነተኛው ቆይታ ይወጣል። ሁለተኛው 1 ሰዓት ከ45፣ ሦስተኛው 5 ሰዓት ከ25 ይሆናል።

ካርድ ክፍላችሁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይፈራረቁ እንደሆነ ተመልከቺ። አንዱ ሲጽፍ ወደ ግድግዳው ቀና ይላል፤ ሌላው ወደ ኮምፒውተሩ ጥግ ያያል። ማንም አልሰነፈም፤ ሁለቱም ያዩትን በትክክል ጽፈዋል። ቅጹ ላይ በየትኛው ሰዓት ይጻፍ የሚል ቃል ስለሌለ ነው።

የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። እነዚህ 37ቱ ከዜሮ በታች ወርደው ራሳቸውን አጋለጡ። ነገሩ ተገልብጦ መግቢያው በእኛ ሰዓት፣ መውጫው በኮምፒውተሩ ሰዓት የተጻፈስ? 2:40 ገብቶ 5:10 የወጣው ሰው ቅጹ ላይ 2:40 እና 11:10 ተብሎ ይሰፍራል። ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የመንግሥት ሥራ 11:30 ድረስ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ ቀኑን ሙሉ ተጉላልቶ የዋለ ምስኪን ይመስላል። እነዚህን አላወጣችኋቸውም። በአማካዩ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከአዘዞ
የካቲት 5፣ ከጧቱ 2:05

የላብራቶሪው ሰው ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር የተጻፈ ቢሆን ኖሮ 14:10 ወይም 15:30 ስለሚል ወዲያው ይታወቃል። ሳይታወቁ የሚያልፉት ከምሳ በፊት ተጨርሶላቸው የወጡት ናቸው፤ የኮምፒውተሩ 9፣ 10 እና 11 ሰዓት የእኛን የከሰዓት በኋላ ሰዓት ይመስላልና። ስለዚህ በቅጾቻችሁ ላይ እጅግ የዘገዩ ሆነው የተመዘገቡት ምናልባት ከሁሉ ቀድመው የወጡት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ መረጃ ወደ ትንተና ብትገቡ ከሁሉ የተሻለ የተሠራባቸውን ቀናት የችግር ቀናት ብላችሁ ትመረምሩ ነበር።

ዛሬ ማታ ቆይታዎቹን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ከፋፍለሽ በካሬ ወረቀት ላይ በጭረት ቁጠሪያቸው። ሁለት ጉብታ ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ በመካከላቸውም ስድስት ሰዓት ያህል ርቀት ይኖራል።

የማራኪዋ
የካቲት 5፣ ከሌሊቱ 5:30

አልተኛሁም። የልጄን የሒሳብ ደብተር ወስጄ ቆጠርኩ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጭረቱ ተከምሮ ወጣ። ከዚያ እየሳሳ ሄደና ሰባት ሰዓት ላይ ሊጠፋ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ተነሣ፤ አሥር ሰዓት አካባቢ አበቃ። ሁለት ጉብታ!

ከዚያ ቅጾቹን በጉብታ ለይቼ ምንጣፉ ላይ ዘረጋኋቸው። በሁለተኛው ጉብታ ውስጥ የመውጫ ሰዓቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። ሰባት ቁጥርን በመካከሏ ጭረት ይሰጣታል፤ ጥቁር እስክሪብቶ ይጠቀማል። ይህ ወንድማችን መድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ፊት ነው የሚቀመጠው፤ ግድግዳው ከጀርባው ነው። የሌላዋ ጽሑፍ ሰማያዊ ነው፤ እርሷ የእጅ ሰዓት ታስራለች፤ በእርሷ ቅጾች ላይ ሁለተኛው ጉብታ የለም።

52 ቅጾች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ስድስት ሰዓት ስቀንስ፣ የታሸጉትን 37ቱንም አስተካክዬ ስመልስ፣ አማካዩ ከ4 ሰዓት ከ20 ወደ 3 ሰዓት ከ30 ወረደ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ! ይህን ያህል ጊዜ ያሳጠረ አሠራር አልተገኘም፤ መጀመሪያውኑ ያልነበረ ሃምሳ ደቂቃ ነው። በዚያ ቁጥር ኮምፒውተር ተገዝቶ ከዚያ በትክክል ብንለካ ኮምፒውተሩ ሃምሳ ደቂቃ ቀነሰ ብለን ሪፖርት እንጽፍ ነበር። ይህን ሳስበው ደነገጥኩ።

የሒሳብ መምህር
የካቲት 6፣ ከጧቱ 2:30

ልጄ፣ የሠራሽውን ሥራ ሳነብ ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ መልሳቸው ከዜሮ በታች ሲመጣ ሰርዘው ሲያልፉ እጃቸውን የምይዘው በዚህ ምክንያት ነበር። የማይመስለው ቁጥር ነው የሚያስተምረው።

ሁለት ነገር ልምከርሽ። አንደኛው፣ በእጅ ጽሑፍ መለየትሽ ብልሃት ነው፤ ሆኖም ያ ግምት ነው፤ በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት። ከቅጾቹ ፈጽሞ የተለየ መንገድ ልንገርሽ። አንድ ቀን ምረጪ። በሩ ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ካርድ ይዞ ግቢው ውስጥ ያለውን ታካሚ ሁሉ ቁጠሩ፤ በየክፍሉ ገብተው የሚታዩትንም ጨምራችሁ። ቁጥሮቹን ደምሪና በግማሽ አባዢ። ያ የሕዝቡ ጠቅላላ የቆይታ ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ለታከሙት ሰዎች ብዛት ስታካፍይው አማካዩ ቆይታ ይወጣል። ማንም ሰዓት አይጽፍም፤ ስለዚህ የሰዓት ስሕተት አይገባበትም። ጆን ሊትል የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይዛመዳል፤ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት የሚገባበት ፍጥነት በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ነው ይላል።

ሁለተኛው፣ ለወደፊቱ ጸሐፊዎቹን ፈትሺያቸው። ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ አቁመሽ ሁለቱም እነዚያኑ ሠላሳ ታካሚዎች ሳይተያዩ ይጻፉ። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በታካሚዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ጋር አስተያዪው። በኢንዱስትሪ የተለመደው ልክ ከመለኪያው የሚመጣው መዋዠቅ ከጠቅላላው 10 በመቶ በታች ከሆነ መልካም፣ ከ10 እስከ 30 እንደ ጉዳዩ ክብደት የሚታይ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ግን መለኪያው ራሱ ሳይጠገን አትለኩበት የሚል ነው።

የግድግዳውን ሰዓት ከእጅ ስልክሽ ጋር አስተያይተሽዋል?

የማራኪዋ
የካቲት 6፣ ከቀኑ 6:50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከምሳ በፊት ሄጄ አየሁት። የካርድ ክፍሉ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ትክክል ነው። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን አላስተያየሁትም። ቆጠራውን ሐሙስ እና ዓርብ እናደርገዋለን። የጥበቃ ወንድሞቻችን እና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሊያግዙን ፈቃደኛ ሆነዋል።

ዳቦ ጋጋሪው
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 1:15

እኔ የሕክምናውን ነገር አላውቅም፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። ግን ስለ መለካት ከሆነ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ዳቦዬ ክብደቱ ጎደለ እያሉ ደንበኞች ያማርሩ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊጡን እየመዘንን መዘገብን። አንድም ግድፈት የለም! ሁሉም ልክ ነው። ደንበኛ ውሸታም ነው ልል ምንም አልቀረኝም። አንድ ጧት ባለቤቴ ከምድጃ የወጣውን ዳቦ አንሥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ከሊጡ ክብደት ከአሥረኛው እጅ በላይ ጎድሏል። ሊጥ ሲጋገር ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፤ ይህን የማያውቅ ጋጋሪ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። በምድጃው የኋላ ጥግ የሚቀመጠው ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል፤ የጎደለውም እርሱ ነበር። እኔ የምመዝነው ለእኔ የሚመቸውን ነው፤ ደንበኛው ግን ሊጥ አይገዛም።

እህቴ፣ እናንተ ካርድ ከወጣበት ሰዓት ጀምራችሁ ነው የለካችሁት። ታካሚው መጠበቅ የሚጀምረው እዚያ ነው?

የደንቢያ ልጅ
የካቲት 6፣ ከምሽቱ 3:00

ዳቦ ጋጋሪው ወንድሜ የጠየቀውን እኔ ልመልስ። አይደለም።

ባለፈው ኅዳር እናቴን ይዤ ከቆላ ድባ መጣሁ። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ከዋዜማው ደርሰን ዘመድ ቤት አደርን። ወረፋ እንዳያመልጠን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ላይ ቆምን። ስንደርስ ከፊታችን ሰው ነበር፤ ከወገራ የመጡ፣ ከበለሳ የመጡ። ጥበቃው ከካርቶን የተቀደደች ቁጥር ይሰጣል፤ የእኛ 23 ነበረች። በእርሳስ የተጻፈች ናት፤ እናቴ እንዳትጠፋባት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች። 2:30 በሩ ተከፈተ። ካርድ ያወጣነው 3:15 ላይ ነው። እንግዲህ በእናንተ ቅጽ ብንለካ እናቴ መጠበቅ የጀመረችው 3:15 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት አራት ሰዓት ከሩብ የት ገቡ?

አልተቆጣሁም። ሥራውን የያዛችሁት ለእኛው መሆኑን አያለሁ። ብቻ ያቺ የካርቶን ቁጥር በመረጃችሁ ውስጥ እንድትኖር እፈልጋለሁ።

አንገረብ ማዶ
የካቲት 7፣ ከጧቱ 3:20

ሁላችሁም ያላችሁት እውነት ነው፤ እኔ ግን ሌላውን አደጋ ላንሣ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት ሲሠራ ነበርኩ። መረጃ እንሰብስብ አልን፤ ሰበሰብን። ይህ ይጎድላል ተባለ፤ እንደገና ሰበሰብን። የቡድኑ ሰብሳቢ ተዛወረ፤ አዲሱ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጥራዙ አሁንም በመደርደሪያ ላይ አለ፤ ባለጉዳዩ ዛሬም በዚያው ወረፋ ቆሟል። መለካት ማምለጫ ሊሆን ይችላል። እየለካ ያለ ሰው ሥራ ላይ ይመስላልና ማንም አይወቅሰውም።

ስለዚህ ምክሬ፣ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ቁረጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ይሁን።

ከአዘዞ
የካቲት 7፣ ከጧቱ 4:10

ወንድሜ አንገረብ፣ ስጋትህን እጋራዋለሁ፤ ቀን ይቆረጥ በሚለውም እስማማለሁ። ግን የበሩን ጉዳይ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ማሳደር አይቻልም። የሚለካው ነገር የት ይጀምራል የሚለው የዚህ ምዕራፍ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ትርጉሙ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ ጥሩ መልስ ይሆናል። ደግሞ በሩ ላይ ሁለት ሳምንት ማንንም ማቆም አያስፈልግም፤ ሦስት አራት ንጋት ይበቃል።

ስለ ወሩም ልናገር። ጥር በጎንደር እንደ ሌላው ወር አይደለም። ከተራ፣ ጥምቀት እና የሚካኤል በዓል ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳል፤ እንግዳው ብዙ፣ መንገዱ ዝግ ነው። በእነዚያ ቀናት ታካሚ ያንሳል፤ ከበዓሉ ማግሥት ይጎርፋል። ሌላው ደግሞ የወባ ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከደንቢያ እና ከቆላው የሚመጣው ታካሚ ይበዛል፤ ላብራቶሪው ይጨናነቃል። ጥርን ለክቶ ይህ የእኛ አቅም ነው ማለት በጋ ላይ ወንዝ ተሻግሮ ጥልቀቱን እንደመናገር ነው። ለመስከረም አትጠብቁ። የካርድ ክፍሉን መዝገብ ገልጣችሁ በየወሩ ስንት ሰው እንደመጣ ብቻ ቁጠሩና ከጥር ጋር አስተያዩት። በሰነዱ ላይም ይህ ልኬት የበጋ ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

የየቀኑን አማካይ ደግሞ እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል በመስመር አስቀምጡት። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ያመጣው የቁጥጥር ሠንጠረዥ መነሻው ይኸው ነው፤ በሥራው ባሕርይ የሚመጣውን የዘወትር መዋዠቅ በልዩ ምክንያት ከሚመጣው ይለያል። በአንድ አማካይ ውስጥ ጥምቀትም ሰኞም ተጨፍልቀው ይቀራሉ፤ በመስመር ሲቀመጡ ግን እያንዳንዱ ቀን በቦታው ይታያል።

የላብራቶሪው ሰው
የካቲት 7፣ ከቀኑ 7:40

የምሳ ሰዓትንም አትርሱ። ከ6:30 እስከ 7:30 የሚቋረጥ ከሆነ 6:20 ላይ ውጤቱን ያልያዘ ሰው አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ዓርብ ዕረፍቱ ከ5:30 ስለሚጀምር ሁለት ሰዓት ነው። የዓርብን ቅጽ ከማክሰኞ ጋር አንድ ላይ ባትደምሩት ይሻላል። ይህን አሁን ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁ በትንተና ጊዜ ዓርብ ላብራቶሪው ሰነፈ ይባላል፤ በእኔ ላይ ደርሷል።

የማራኪዋ
የካቲት 14፣ ከምሽቱ 1:30

የዘገየሁት ቆጠራው እስኪያልቅ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ በየግማሽ ሰዓቱ ቆጠርን። መጀመሪያ አስታማሚው እና ታካሚው ተቀላቀለብን። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሐሳብ አመጣች፤ ካርድ ያላችሁ ካርዳችሁን ከፍ አድርጉልን እያለች በየአግዳሚው ዞረች። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ያነሣል፤ አንዳንዱ የጎረቤቱንም ያነሣለታል። የየግማሽ ሰዓቱ ቆጠራ ሲደመር 1,366 ሆነ። በግማሽ ሲባዛ 683 ሰዓት ነው። የዕለቱ ታካሚ 198 ስለነበር አማካዩ ቆይታ 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ወጣ። መምህር፣ ከተስተካከሉት ቅጾች ጋር የሦስት ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነው! ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ አደረሱን። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓርብ የተለየ ሆነ፤ የላብራቶሪው ሰው እንዳለው የምሳው ዕረፍት አስረዝሞታል፤ ለብቻው አስቀምጠነዋል።

ሁለቱ ጸሐፊዎች ጎን ለጎን ቆመው ሠላሳ ታካሚ ጻፉ። ከዚያ በፊት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምረን ነበር፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ታይቶ ይጻፍ፣ መግቢያ የሚባለው ታካሚው መስኮቱ ላይ ስሙን የተናገረበት ቅጽበት ነው፣ መውጫ የሚባለው መድኃኒቱ እጁ ላይ የገባበት ነው ይላል። የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ተለውጦ ተስተካክሏል፤ መድኃኒት ቤትም ከፊት ለፊቱ አንድ ተሰቅሎለታል። ከሠላሳው በሃያ ስምንቱ ልዩነታቸው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በሁለቱ ላይ ታካሚው ስሙን ተናግሮ ለመታወቂያው ወደ አስታማሚው ተመልሶ ስለነበር አንዷ የመጀመሪያውን፣ አንዱ የሁለተኛውን ጽፈዋል። ለዚያም ቃል አስቀመጥንለት።

ጥቁር እስክሪብቶ የሚጠቀመው ወንድማችን ነገሩን ስነግረው በጣም አዘነ። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ፣ ቅጹን ያዘጋጀነው እኛ እንደሆንን ነገርኩት። አሁን ከሁሉ ተጠንቅቆ የሚጽፈው እርሱ ነው።

የሠራነውን ለኃላፊያችን ይዤ ገባሁ። ሁለቱን የጭረት ወረቀቶች፣ ከማረሙ በፊት ያለውን እና በኋላ ያለውን፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። የኮምፒውተሩ ደብዳቤ ለጊዜው እንዲቆይ አደረጉ። አንገረብ ወንድሜ እንዳልከውም ቀን ቆርጠናል፤ የመለካት ምዕራፉ የካቲት 23 ይዘጋል።

እስከዚያ የቀረው በሩ ነው። የደንቢያ ልጅ፣ እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ቃልህን ለቡድኑ አነበብኩላቸው፤ ማንም አልተናገረም። ከዚህ በኋላ ሁለት ቆይታ ነው የምንመዘግበው፤ ከመስኮቱ የሚጀምረው እና ከበሩ የሚጀምረው። ጥበቃው በካርቶኗ ጀርባ ላይ የደረሱበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ካርድ ክፍል ተቀብሎ ከቅጹ ጋር ያያይዛታል። ሰኞ፣ ማክሰኞ እና ሐሙስ ከሌሊቱ 10:30 ጀምሮ ከእኛ ሁለት ሰው በሩ ላይ ይኖራል። የሰኞው ተራ የእኔ ነው።

የደንቢያ ልጅ
የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድምሽ ነኝ። ሰኞ እናቴ የክትትል ቀጠሮ አላት፤ እንመጣለን። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረች አሮጊት ካየሽ እርሷ ናት።

የማራኪዋ
የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:12

ጋቢ ይዤ እጠብቃችኋለሁ። በሩ እስኪከፈት ድረስ እናትህ ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ ትቀመጥ፤ ሰዓቷን ግን እጽፈዋለሁ።